ስልሳ ሁለት ከመቶ ላይ የቆመው ሥራ

ነጂባ ሙራድ ሆሳዕና መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለው የሱቅ ረድፍ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን የጀመረችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ አይሱዙ የሚነዱ፣ ከሾኔ እስከ ዱራሜ የማያውቃቸው ነጋዴ የሌለ ሰው ነበሩ። እሷን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያጓጓት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለው ነገር ነበር። በቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ሱቅ ስትከፍት፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ባለሙያው የት እንደሄደ ይጠይቃታል። ባለሙያው እዚሁ ነው፣ ይቀመጡ ብላ ዕቃውን ትቀበላለች። ይህን ታሪክ ያጫወተችኝ ራሷ ናት።

በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ መጣላት። ኃላፊው አቶ አሳምነው ዕቃው ለየብቻ ተገዝቶ አዲስ ኮምፒውተር እንዲገጣጠምላቸው ፈለጉ። ሐሙስ ጠዋት ከክልል የሚመጡ ሰዎች ባሉበት የዓመቱ ሥራ በፕሮጀክተር ይቀርባል፤ ከዚያ ግምገማ አለ።

አቶ አሳምነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ሰው የሚፈራቸውም ለዚሁ ነው። ከነጂባ በፊት የቢሮውን ኮምፒውተሮች ይጠግን የነበረው ሰው ፋይል ጠፍቶበት፣ ቃለ ጉባኤው ላይ “ሆን ተብሎ” የሚል ቃል ገብቶ፣ ሦስት ሌሊት ጣቢያ አድሯል። ሲፈታ ከተማውን ለቆ ሄደ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ነጂባ ገጣጥማ ቁልፉን ስትጫን ወዲያው በራ። አንድ እንከን ብቻ ነበረው፤ ከተሰካለት ሜሞሪ የሚያየው ግማሹን ነው። ሜሞሪውን አቀያየረች፣ ቦታውን ለወጠች፣ ያው ሆነ። ችግሩ ያለው ባዮሱ ላይ እንደሆነ ገባት። ባዮስ የሚባለው ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ፕሮግራም ነው፤ የሚኖረውም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ በሆነው ማዘርቦርድ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። የቆየው ባዮስ አዲሱን ሜሞሪ አላወቀውም። ስለዚህ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ አዲሱን ባዮስ በፍላሽ ገልብጣ መጣች።

“ባልነካው ኖሮ ይሠራ ነበር” ትላለች እስከ ዛሬ። “በግማሹም ቢሆን ሐሙስን ያልፋት ነበር። እንከን ያለበት ዕቃ ከእጄ እንዲወጣ ስላልፈለግኩ ነው።”

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ከሥሩ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይጨምራል። መብራት ቢሄድ ብላ በዩፒኤስ በኩል ሰክታዋለች፤ የዩፒኤሱ ባትሪ ግን ካረጀ ሰንብቷል። ስልሳ ሁለት ከመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ አንዴ ጮኸ፣ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ዝም አለ።

መብራቱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ቁልፉን ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፤ ሲነሳ የሚያሰማት አጭር ድምፅ እንኳ የለችም። የቦርዱን ባትሪ አውጥታ መለሰች፣ ሜሞሪውን ነቅላ ሰካች፣ ሌላ ስክሪን ሞከረች። ምንም የለም። በሩን ገርበብ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያቺ ቃለ ጉባኤ ላይ የገባችው “ሆን ተብሎ” የምትል ቃል ብቻ ነበረች የምትታያት። ማን ያምነኛል ብላ አሰበች። መብራት ሄደ ብል፣ መብራት ለሁሉም ሄዷል፤ የተበላሸው የእኔ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ዕቃውን ወደላኩላት ሰዎች ስትደውል፣ ያ ዓይነት ቦርድ ከሰኞ በፊት እንደማይገባ ነገሯት። ስልኩን ሳታስቀምጥ አቶ አሳምነው ደወሉ። ሥራው እንዴት ነው አሏት፣ በዚያው በቀስታ ድምፃቸው። እየጨረስኩት ነው አለች።

አባቷ ከሰዓት በኋላ ጭነት አራግፈው ወደ ሱቁ ብቅ ሲሉ ሁሉንም ነገረቻቸው።

“ሺንሺቾ አንድ ሰው አለ” አሉ። “ጠና ይባላል። የሞተ የዲሽ ሪሲቨር ያስነሳል ይላሉ።”

ነጂባ ቀና አለች። የሞተ ሪሲቨር የሚነሳው ቺፑ ላይ ፕሮግራሙ እንደገና ሲጻፍበት ነው። የቦርዷ ቺፕም የዚያው ዘር ናት፤ ደግሞ አልተበየደችም፣ ማስቀመጫዋ ላይ የተሰካች ናት። ሰውየው የሚጽፍበት መሣሪያ ካለው ቺፗ ትድናለች። ቁጥሩን ፈልገው ሲደውሉ ግን ስልኩ አይነሳም።

ረቡዕ በጠዋት ቦርዱን በካርቶን አድርጋ፣ ካርቶኑን በጥጥ ፎጣ ጠቅልላ፣ በዱራሜ በኩል ወደ ሺንሺቾ ተሳፈረች። መኪናው በጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ካርቶኑን ከጭኗ ላይ በሁለት እጇ ታነሳዋለች። አንጋጫን እንዳለፉ ፍተሻ ነበር። ፖሊሱ ፎጣውን አስፈትቶ ቦርዱን አወጣና አገላብጦ አየው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“የኮምፒውተር ዕቃ ነው።”

የማን እንደሆነ ጠየቃት። የመንግሥት ነው ብትል ደብዳቤ ይጠይቃታል፤ የኔ ነው ብትል ነገ ሌላ ጣጣ ነው። ላሠራው ነው የምወስደው ብቻ አለች። ፖሊሱ ለጓደኛው አሳየው፣ ጓደኛው ትከሻውን ሰበቀ፣ መለሱላት። ካርቶኑን መልሳ በፎጣው ጠቅልላ ጉዞዋን ቀጠለች።

ጋሽ ጠና ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ አስተማሪነቱን ትተው ዲሽ መትከል የያዙ ሰው ናቸው። ስልካቸው ተበላሽቶ ስለነበር ነው ያልተነሳው። ነገሩን በጥሞና ሰሙ፣ በማጉያ መስታወት ቺፗን ተመለከቱ፣ ጽሑፉን አነበቡ።

“ዘመዶቿን አውቃለሁ” አሉ። “እሷን ግን ገና ዛሬ ነው የማያት። ተስፋ አልሰጥሽም።”

በቀጭን ብሎን መፍቻ ከአንድ ወገን ቀና፣ ከሌላው ወገን ቀና እያደረጉ ያወጧት ጀመር። ልትወጣ ስትል ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ጠና እጃቸውን ሰበሰቡ። ከስምንቱ እግሮቿ አንዱ ተሰብሮ ማስቀመጫው ውስጥ ቀርቷል።

ነጂባ ያን ጊዜ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም ትላለች፤ ጆሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮህባት ነበር። ጋሽ ጠና ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። ተመልሰው ስባሪውን ከማስቀመጫው ለቅመው አወጡ፤ ከአሮጌ ሪሲቨር ላይም አንድ ቀጭን ሽቦ ቆረጡና፣ ትንፋሻቸውን ይዘው በጉቶው ላይ በየዱት። ከዚያ ቺፗን መጻፊያው ላይ አስቀምጠው ከላፕቶፓቸው ጋር አገናኙ። ላፕቶፑ ቺፕ አልተገኘም አለ። ጫን አደረጓት፤ አሁንም አልተገኘም። ሽቦውን በፒንሳ በትንሹ አጥፈው እንደገና ሲሞክሩ አገኛት። ከነጂባ ፍላሽ ላይ ያለውን ፋይል ጻፉባት። ተጽፎ ሲያበቃ መሣሪያው የተጻፈውን ከፋይሉ ጋር አመሳከረ፤ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሆሳዕና የደረሰችው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሁሉንም መልሳ ገጠመች። ቁልፉን ለመጫን ግን ድፍረቱን አጣች። እስካልተጫነ ድረስ ገና አልሞተም ብላ ነው። አባቷ አጠገቧ ቆሙ። ስትጫነው ማራገቢያው ዞረ፣ አጭሯ ድምፅ ተሰማች፣ ስክሪኑ በራ። ሜሞሪው ሙሉ ነው።

ሐሙስ ከስብሰባው በፊት ኮምፒውተሩን ይዛ አቶ አሳምነው ቢሮ ገባች። ዝም ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን የተበየደች እግር አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ብትላቀቅ ምን ይከተላል የሚለው ፍርሃት በለጠባት። የሆነውን ሁሉ ተናገረች። አቶ አሳምነው ተነሥተው በሩን ዘጉ። አበቃልኝ አለች በልቧ።

“ይህን ለማን ነግረሻል?”

“ለአባቴና ቺፗን ለሠሩልኝ ሰው ብቻ።”

ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ላብ እንዳለ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

“ነጂባ፣ ዛሬ የሚገመገመው እኔ ነኝ” አሉ። “ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተኛሁም። ይቺን ነገር ለማንም እንዳትተነፍሺ። ስብሰባው እስኪያልቅም ከማሽኑ አጠገብ እንዳትርቂ።”

አራት ሰዓት ሙሉ ፕሮጀክተሩ ሥር ተቀመጠች። አንድ ሰው ተነሥቶ አቶ አሳምነውን በስም እየጠራ ሲተች፣ ሌላውም ሲጨምርበት፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ነጂባ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ኮምፒውተሩ አልቆመም።

አቶ አሳምነው ከግምገማው ሁለት ወር በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። የነጂባን ስም ለማንም አላነሡም። እሷ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የማታውቀው ቁጥር ሲደውልላት ስልኩን አታነሳም ነበር፤ በሩ ላይ ሰው ሲቆምባትም ትደነግጣለች። ሱቁን ግን አልዘጋችም። በዓመቱ እንደ ጋሽ ጠና ያለ መጻፊያ ገዛች፤ የሞተ ቦርድ ከዱራሜም ከሾኔም ይመጣላት ጀመር። ለመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምትናገረው ተስፋ አልሰጥህም የሚል ነው።