ለእትዬ ዱካሌ የሰጠሁት ኤክስ

እትዬ ዱካሌ አለፉ። ዛሬ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ ከተለጠፈው የፈተና ውጤት ስማቸውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አራተኛውን እሳቸው ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከደስታዬ ብዛት የሥራ ዘመኔን ትዝታ ልጽፍ ተቀመጥኩ። የሥራ ዘመኔ ሰባት ወር ነው። አይሳቅ።

ሥራዬ መሠረተ ትምህርት ማስተማር ነው። ጠዋት አሥረኛ ክፍል እማራለሁ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ እዚሁ አዋሳ፣ በሰፈራችን የቀበሌ አዳራሽ አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ቀን አስተባባሪያችን ጓድ ታደሰ ስድስት ጠመኔ፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶና የስም መጥሪያ ሰጡኝና «በይ፣ ክፍሉን ያዢ» ብለውኝ ሄዱ።

ገባሁ። ሃያ ሁለት ሴቶች «አስተማሪ ገባች» ብለው ብድግ አሉ። ከሁሉም ትንሿ የእናቴ እኩያ ናት። ደንግጬ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ኧረ ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቺ ሳትቀመጪ?» አሉ ከፊት ያሉት እትዬ ዱካሌ። ከቱላ ቆጮ እያመጡ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«እናንተ ቆማችሁማ አልቀመጥም።»

«አስተማሪ ቆማማ እኛም አንቀመጥም።»

ጓድ ታደሰ ተመልሰው ሲመጡ ሁላችንም እንደቆምን ነን። «ምነው፣ የሕሊና ጸሎት ላይ ናችሁ?» አሉ።

መቀመጡን በሳምንቱ ለመድነው። እርማቱ ግን አቃተኝ። ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ ሰላም የምላቸው ሴት ደብተር ላይ እንዴት ብዬ ቀይ ኤክስ ላስምር? እትዬ ዱካሌ «ሰ»ን ገልብጠው ሲጽፉ ራይት። መስመር ዘለው ሲያነቡ «ጎበዝ፣ እትዬ»። ክፍላችን ፍቅር በፍቅር ሆነ። ቆሎ ሳልይዝ ቤት የገባሁበት ቀን የለም።

ከዚያ ፈተና መጣ። ፈታኞቹ ከሌላ ቀበሌ ናቸው፤ እነሱ ቆሎ አልበሉም። ከሃያ ሁለቱ አራት ሴቶች ብቻ አለፉ።

በማግሥቱ እትዬ ዱካሌ ደብተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ይኼ ሁሉ ራይት ምንድን ነው?»

«እትዬ… ስለማከብርዎት ነው።»

«አክብረሽ ጣልሽኝ።»

እስከዚያ ቀን ያልነገሩኝን ነገሩኝ። ባለቤታቸው አቶ ሀሜሶ ባለፈው ዙር አልፈው ሰርተፍኬታቸውን ከሬዲዮው በላይ ሰቅለውታል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያነቡታል። «ልጃችን አስቴር ትምህርት ቤት ትግባ» ሲሏቸው፣ «ሴት ፊደል እንደሚገባት አንቺ አሳዪኝ፤ ስታልፊ ትገባለች» ብለዋል። የአስቴር እኩዮች ሁለተኛ ክፍል ናቸው። እሷ በር ላይ ቆማ ሲሄዱ ታያቸዋለች። እኔ ደግሞ ራይት እሰጣለሁ።

እትዬ ዱካሌ ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው እጄ ላይ አደረጉት። «ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪ።»

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። አንድ ኤክስ፤ «ይቅርታ፣ እትዬ»። ሁለተኛ ኤክስ፤ «ይቅርታ፣ እትዬ»። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ፣ «ይቅርታውን ተዪና ኤክሱን አድምቂው፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ።

ወሬው ክፍሉን ሲያዳርስ ሌሎቹ አኮረፉ። «ለዱካሌ አሥራ አንድ፣ ለእኔ ሦስት? እኔ ምን አድርጌሽ ነው?» አሉ እትዬ አበበች። ለእሳቸውም ፈልጌ ዘጠኝ አደረስኩላቸው። ስህተት ሞልቷል።

ባለፈው ሳምንት በድጋሚ ተፈተኑ። ዛሬ ጠዋት አቶ ሀሜሶም ውጤቱን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ።

«አነበብሽው ወይስ ነገሩሽ?» አሉ።

እትዬ ዱካሌ ስማቸውን አነበቡ። ከዚያ የእትዬ አበበችን፣ ከዚያ ከሥር ያሉትን ሁሉ። ማኅተሙ ላይ ያለውን ክብ ጽሕፈት አንገታቸውን አጣመው ሲጀምሩ አቶ ሀሜሶ፣ «በቃ፣ በቃ፣ ገብቶኛል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሰኞ አስቴርን ወስጄ አስመዘግባታለሁ» አሉ።

«ትወስዳታለህ» አሉ እትዬ ዱካሌ። «ፎርሙን የምሞላው ግን እኔ ነኝ።»

ከሰባት ወር ሥራዬ የተማርኩት ይህ ነው፦ ተማሪው ታላቅ ቢሆንም ስህተቱ ይነገረዋል።

አዲሱ ዙር ሰኞ በአሥር ሰዓት ይጀመራል። እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን ይዛችሁልኝ ኑ። ስገባ እንዳይነሱ ብቻ አደራ ንገሩልኝ።