ባዶው ፎልደር

ቅናት እንደ ጉንፋን ቢያስነጥስ ኖሮ፣ አዋቂው ምን እንደያዘው ሬዲዮ ጣቢያው በሙሉ በመጀመሪያው ሳምንት ባወቀ ነበር። ቅናት ግን ዝም ብሎ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የያዘው ሰው እየሳቀ ሰላም ይላል፣ ወንበር ያቀብላል፣ ውስጥ ውስጡን እርር ድብን ይላል።

«አዋቂው» የሚለውን ስም ያወጡለት ጋዜጠኞቹ ናቸው። ከተወለደ ጀምሮ ዓይኑ አያይም። ሥራው የጣቢያውን የድምፅ ክምችት መያዝ ነው፤ ቃለ መጠይቁን፣ ድራማውን፣ የትልልቅ ሰዎችን ንግግር፣ የዝናብና የበር መንኳኳት ድምፅ ሳይቀር ኮምፒውተር ውስጥ በየፎልደሩ ያደራጀው እሱ ነው። ሰዓት ያለቀበት ጋዜጠኛ እያለከለከ ይገባና «ጋሼ፣ ያ ስለ ድልድዩ የተናገረው መሐንዲስ...» ብሎ ሳይጨርስ የመሐንዲሱ ድምፅ ከስፒከሩ ይወጣል። «አንተ ሰውዬ ጠንቋይ ነህ እንዴ!» ይሉታል። «ሂድ ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» ይላል እሱ፤ አንጀቱ ግን ቅቤ ይጠጣል።

ነገሩ ጥንቆላም ምንም አልነበረም። ኮምፒውተሩ ላይ ስክሪን ሪደር አለው፤ ቀስቱን በተጫኑ ቁጥር የደረሱበትን ፎልደር ስም ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። አዋቂው ግን ይህን ድምፅ ጠምዶ ይዞታል። «የማውቀውን ነገር የሚነግረኝ እሱ ማን ሆኖ ነው?» ብሎ ካፈነው ዓመታት አልፈዋል። የሚሠራው በጣት ቆጠራ ነው። እያንዳንዱ ፎልደር ስሙ ፊት ቁጥር አለው፤ አዲስ የሚመጣ ሁሉ ተከታዩን ቁጥር ይዞ ጭራ ላይ ይሰለፋል እንጂ መሃል ገብቶ ማንንም አያፈናቅልም። ስለዚህ ጣቶቹ ከላይ ጀምረው ታች፣ ታች፣ ታች ብለው ወርደው ኢንተር ሲጫኑ፣ መብራት በጠፋበት ቤት ውሃ ሊጠጣ እንደሚነሣ አባወራ ምንም ሳይነካቸው ከፈለጉበት ይደርሳሉ። ይህን ሥርዓት ከእሱ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ሙሽሪት መጣች።

ሙሽሪት ያላት እሱ ነው፣ በሆዱ። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነበረች። ሕመም መጣና ዓይኗን በአንድ ዓመት ውስጥ ጨረሰው፤ ቤት ዋለች፣ ሥልጠና ገባች፣ ከዚያ ተመልሳ መጣችና የድምፅ ክፍል ተመደበች። የመጣች ዕለት ዘበኛው ሳይቀር በር ላይ ወጥቶ ነው የተቀበላት። እቅፍ፣ ለቅሶ፣ ሳቅ፣ አበባ። አዋቂው ከክፍሉ ሆኖ ያን ሁሉ ግርግር ሲሰማ «ሙሽራ ነው እንዴ የሚገባው?» አለ። እሱ ሥራ የጀመረ ዕለት ማንም በር ላይ አልወጣለትም። ይህን ማስታወስ የጀመረው ግን በዚያች ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቅር ብሎት እንኳ አያውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ አስተምረኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለችው እንደተቀመጠች።

«ምን አስተምርሻለሁ፣ የተማርሽ ልጅ» አላት። ቃሉ ደህና ነበር፤ ድምፁ ግን ቆምጠጥ ያለ ነበር።

እሷ ማዳመጫዋን አጠለቀች። የስክሪን ሪደሯ ድምፅ በጣም ከመፍጠኑ የተነሣ፣ ከማዳመጫዋ አፈትልኮ ለሚሰማው ሰው የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚንጫጫው ነው። አዋቂው መጀመሪያ የተበላሸ መስሎት ነበር። እሷ ለካ ሁሉንም ትሰማዋለች! የፎልደሩን ስም፣ የፋይሉን ስም፣ የተቀዳበትን ቀን። ምንም አትቆጥር፣ ምንም በቃሏ አትይዝ፤ ድምፁ ይነግራታል፣ እሷ ትታዘዛለች። በአዋቂው ዓይን ይህ ሥራ አይደለም። ሌላ ሰው እያነበበለት ፈተና እንደሚፈተን ተማሪ ነው።

እሺ፣ ይሁን። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነበር። የክፍሉ በር ሲከፈት የሚገባው ጋዜጠኛ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ወደ አዋቂው ነው፣ ወደ ግራ ከታጠፈ ወደ ሙሽሪት ነው። መጀመሪያ እግር ሁሉ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ነበር። ከዚያ አንዳንዱ ወደ ግራ ማለት ጀመረ፤ ቆይቶ ወደ ቀኝ የሚመጣው «ጋሼ እንደምን አደርክ» ለማለት ብቻ ሆነ፣ ልክ ታሞ የተኛ ሰው እንደሚጠይቁት። አዋቂው ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ ዘርግቶ ይቀመጥና የሰው ጫማ ያዳምጣል። ግራ። ግራ። አሁንም ግራ። ሰው በጫማ ድምፅ እንዲህ ይቃጠላል ብሎ የነገረው ቢኖር አያምንም ነበር።

ቤት ሲገባ ሚስቱን ይፈጃታል። «ዛሬ ደግሞ ሙሽሪት ምን አለች መሰለሽ...»

ሚስቱ ነገር አዋቂ ናት። «ስማ እንጂ» አለችው አንድ ማታ፣ ሳህን እያነሣች፣ «ሌላ ሴት ቢኖርህ እንኳ የዚችን ያህል አታወራላትም ነበር። ለምን እዚሁ አታመጣትም? እኔም ልወቃት።»

«ቀልዱን ተዪው፤ ወንበሬን ልትወስድ ነው» አላት።

ይህን ሲል እውነቱን ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጥተዋል፤ ሥራ አስኪያጁም ከሁለቱ አንዱን እንደሚሾሙ ተናግረዋል። አዋቂው ያን ክፍል ከባዶው ያቆመ ሰው ነው። ትናንት ዓይኗን ባጣች ሴት ስር ሆኖ «እሺ እመቤቴ» ሊል ነው? ይህን ሲያስብ እንቅልፉ ይጠፋል፤ ሚስቱ ሰላማዊ እንቅልፍ መተኛቷ ራሱ ያናድደዋል።

በዚህ መሃል የጣቢያው የመጀመሪያ ዜና አንባቢ የነበሩት ሽማግሌ አረፉ። አዋቂውን ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እጁን ይዘው አምጥተው «ይህ ልጅ ጆሮ አለው፣ አስቀምጡት» ብለው ሥራ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ጣቢያው የመታሰቢያ ፕሮግራም በቀጥታ ሊያስተላልፍ ሆነ። ባለቤታቸው ስቱዲዮ ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻ ሽማግሌው ለአድማጮቻቸው የተሰናበቱበት ንግግር ይሰማል። በቀብሩ ያላለቀሰ ሁሉ በዚያ ያለቅሳል ተባለ። ድምፁን ከክምችቱ ወደ ስርጭቱ የምትልከው ሙሽሪት እንድትሆን አዘጋጁ ወሰነ።

«የኔን ሰውዬ!» አለ አዋቂው ለብቻው። «እሷ ስለሳቸው የምታውቀውን ሁሉ እኔ ረስቼዋለሁ!»

በፕሮግራሙ ቀን ጠዋት፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይመጣ፣ አንድ አዲስ ፎልደር ፈጠረ። ውስጡ ምንም የለም። ስሙን በአኃዝ «0» አለው። ዜሮ ከአንድ በፊት ስለሚመጣ ፎልደሩ ሄዶ ከሁሉም በላይ ጉብ አለ፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወረደ። በልቡ ሙሽሪትም ስትቸኩል እንደ እሱ ትቆጥራለች፤ ሰው በቀጥታ ስርጭት ላይ ቁጭ ብሎ ስም ሲነበብለት አያዳምጥም ብሎ ነበር። አንዱን ቆጥራ ሌላው ይወጣባታል፣ ትደነግጣለች፣ ይሰማል። ያ ሰዓት የማን መታሰቢያ እንደሆነ ለአፍታ እንኳ ወደ ጭንቅላቱ አልመጣም። የቅናት ነገር እንዲህ ነው፤ ከሚቀናበት ሰው በቀር ሌላውን ሁሉ ከፊቱ ያስወግዳል።

ሰዓቱ ደረሰ። ከመስኮቱ ማዶ ባለው ስቱዲዮ አቅራቢው ከሽማግሌው ባለቤት ጋር ይነጋገራል፤ ድምፃቸው በስፒከሩ ይሰማል። ሙሽሪት በኮምፒውተሯ ፊት፣ አዋቂው በራሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች የሚከፍቱት ያንኑ አንድ ክምችት ነው።

«ጋሼ» አለችው ሙሽሪት ዞር ብላ።

«ምን ሆንሽ?»

«አንተ ላከው። ለአዘጋጁም ነግሬዋለሁ። እኔ እኮ የማውቀው ድምፃቸውን ነው፤ ሰውየውን የምታውቃቸው አንተ ነህ።»

ከሷ ስንት ክፉ ነገር ሲጠብቅ ይህን አልጠበቀም። ደስ አለው፣ ምኑን ደስ አለው፣ ከደረቱ ላይ ድንጋይ ተነሣለት። ጋዜጠኞቹ በሙሉ ኮሪደር ላይ ቆመዋል፤ የሽማግሌውን ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው! ያ ደስታ ጠዋት የሠራትን ነገር ጠራርጎ ወሰዳት። አቅራቢው «አሁን የራሳቸውን ድምፅ እናሰማችሁ» ሲል ጣቶቹ ወትሮ እንደሚያደርጉት ከላይ ጀመሩ። ታች፣ ታች፣ ታች። ኢንተር። ላከ።

ከስፒከሩ ሳቅ ወጣ። የድራማ ማጀቢያ እንዲሆን ቲያትር ቤት የተቀዳ የሕዝብ ሳቅ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሆዱን ይዞ፣ እያጨበጨበ፣ እያፏጨ ይስቃል። በዚያ ሳቅ መሃል ከስቱዲዮው የአንዲት አሮጊት ሴት «እንዴ... እንዴ...» የሚል ድምፅ ተሰማ።

የአዋቂው ጣት ኢንተር ላይ እንደተጫነ ቀረ። «ጋሼ ልቀቅ!» አለችና ሙሽሪት ከራሷ ኮምፒውተር ሳቁን አቋረጠችው። ማዳመጫዋ ሲንጫጫ፣ ቁልፎቿ ሲንኳኩ ሰማ፤ ወዲያው የሽማግሌው ድምፅ ረጋ ብሎ ወጣ፤ «ውድ አድማጮቼ፣ ይኸው መሰናበቻችን ደረሰ...» ኮሪደሩ ላይ ማንም አላለቀሰም። ሁሉም ደንግጦ ነበር።

ንግግሩ ሲያልቅ ሙሽሪት ወደ ዝርዝሩ አናት ወጣች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። አንዴ አስነበበችው፣ ደገመችው። ያንን ክምችት የሚነካ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም፤ እሷ ደግሞ አልነካችውም። ማዳመጫዋን አወለቀች። አዋቂው ፊቴን ልታጠብ ብሎ ወጣ፤ ረጅም ሰዓትም ቧንቧው ስር አጎንብሶ ቆየ።

ተመልሶ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲጠራ ሙሽሪት ቀድማው ገብታለች። «ግባ ጋሼ፣ ተቀመጥ» አሉት ሥራ አስኪያጁ፤ ሌላ ምንም አላሉትም። ዓይን ያለው ሰው ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለ መናገር ትዝ አይለውም፤ አዋቂውም ያለወትሮው ጆሮውን አላቆመም፣ የሚሰማው የራሱን ልብ ብቻ ነበር።

«እንዳልኩዎት ጥፋቱ የኔ ነው» ትል ነበር ሙሽሪት። «ጠዋት ስነካካ ሳላውቅ ከላይ አንድ ባዶ ፎልደር ፈጥሬያለሁ። ጋሼ እንደ ልማዱ ቆጥሮ ገባ፣ ያልሆነውን አገኘ። እንዲሁ ስሕተት ነው። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ተነፈሱ። «እንግዲህ ክፍሉን ማን ይምራው ለሚለው ነገሩ ራሱ መልስ ሰጠን። የጋሼ ሥርዓት መነካት አልነበረበትም። ከሰኞ ጀምሮ...»

ይኸው፣ የፈለገው ሁሉ መዳፉ ላይ ተቀመጠለት። ዝም ቢል ወንበሩ የሱ ነው። ግን አዋቂው የሰማው ወንበሩን አልነበረም። ነገ በኮሪደሩ የሚወራውን ነበር የሰማው፤ «አየሃት? የሱን ጥፋት በራሷ ወሰደች፣ እንዴት ያለች ሰው ናት!» ጋዜጠኞቹን ወሰደች፣ ፍጥነቱን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ልትጠቀልለው ነው! እሱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ የሷን ምሕረት ሊበላ ነው። ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ፣ ብድግም አለ።

«ውሸቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ፎልደሩን የሠራሁት እኔ ነኝ! ጠዋት፣ ሆን ብዬ፣ ፕሮግራሙ እንዲበላሽ ብዬ! የኔን ጥፋት ማንም እንዲወስድልኝ አልፈልግም!»

ሙሽሪት ቀስ ብላ «ጋሼ... ምናለ ዝም ብትል» አለች። ስታለቅስ ነው የተናገረችው። «ላንተ ብዬ መሰለህ?»

ከወደ ግድግዳው በኩል የሶፋ ስፕሪንግ ጮኸ። ዱላ ወለሉን ነካ። እየቀረበ የመጣው አረማመድ የአሮጊት ሴት ነበር፤ አዋቂውም ድሮ ገና ወጣት ሳለ ቤታቸው ያበሉት፣ ያጠጡት፣ ከልጆቻቸው ያልለዩት የሽማግሌው ባለቤት መሆናቸውን ገና ሳይናገሩ ዐወቀ። ፊት ለፊቱ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ ግራ መጋባት ብቻ። «እሱ ምን በድሎህ ነው?»

አዋቂው ወንበሩን በእጁ ፈለገው፤ አላገኘውም።

«እሳቸውን ብዬ አይደለም፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ። «እሷ እንድትዋረድ ነበር የፈለግሁት።»