ቀስ ብሎ የሚወርደው ፔዳል

የአንደኛ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ጭሮ ስገባ፣ አባቴ ግቢያችን ውስጥ ለዓመታት ድንጋይ ላይ ቆማ የኖረችውን አሮጌ ፒክአፕ ሞተሯን አስነስቶ ጠበቀኝ። ዶሮዎቻችን እንቁላል ይጥሉበት የነበረው መቀመጫ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«የቀረው ፍሬኑ ብቻ ነው» አለኝ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ። «ለእሱ ደግሞ እግርሽ ያስፈልገኛል።»

አባቴ ወጣትነቱን ከገለምሶ ጫት ሲያመላልስ የጨረሰ ሾፌር ነው። ጉልበቱ ታሞ መሪ ከተወ ወዲህ እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። በዚያው እሁድ የአክስቴ ልጅ ሂርና ላይ ታገባ ነበር፤ እናቴን በገዛ መኪናው ወስዶ ሠርግ ቤቱ ደጅ ላይ ሊያወርዳት ቆርጧል። እኔም እንዳላሳፍረው ፈልጌ ያለኝን ሁሉ በጥንቃቄ አደረግሁ።

ሥራው አየር ማውጣት ነበር። ፍሬን ዘይቱ በሚሄድበት ቧንቧ ውስጥ አየር ከቀረ ፍሬኑ አይዝም። አባቴ ጎማው ሥር ይተኛል፣ እኔ መሪው ጋ እቀመጣለሁ።

«ርገጪ! ርገጪ! ያዢ!»

ስይዘው ከታች ትንሿን ቡሎን ይፈታል፤ ዘይቱ ከአረፋ ጋር ፊስ ብሎ ይወጣና ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይሰምጣል። ቡሎኗን መልሶ ያጠብቃል። «ልቀቂ!» ይላል። እንዲህ እያልን አረፋው እስኪጠፋ ጎማዎቹን በሙሉ ዞርን።

ሲያበቃ ሚኒባስ የሚነዱት ጎረቤታችን በአጥር በር ገቡና እኔን አስወርደው፣ ሳይቀመጡ በቆሙበት ፔዳሉን በኃይል ረገጡት።

«ድንጋይ ነው ወላሂ! አንተ ሽማግሌ፣ አሁን ደግሞ ገበያችንን ልትሻማን ነው?»

«በዚች መኪና አንተን ሂርና ሳትደርስ ነው የምቀድምህ» አለ አባቴ፤ ሁለቱም እየሳቁ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

እኔ መሪው ጋ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደክሞኝ ስለነበር እግሬን ፔዳሉ ላይ እንዲያው አሳርፌዋለሁ። መውረድ ጀመረ። በጣም ቀስ ብሎ፣ ረግረግ ላይ እንደቆመ እግር፣ ወለሉ ድረስ ወረደ። ቡሎኖቹ ሁሉ ጠብቀዋል። ወርጄ ከመኪናው ሥር ተንበርክኬ አየሁ፤ አንድ ጠብታ ዘይት አልፈሰሰም።

ሄጄ ነገርኳቸው። አባቴ መጥቶ ረገጠው፤ ድንጋይ። ጎረቤታችን ረገጡት፤ ድንጋይ።

«ኢንተላ ኮ፣ ዩኒቨርሲቲ እግርሽን አለስልሶታል» አሉኝ። «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ሲወዱኝ በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ።

ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከእነሱ ይልቅ እግሬን ማመን ድፍረት መሰለኝ። ነገር ግን ልጅ ሳለሁ ከሠፈራችን በታች ካለው መታጠፊያ ላይ ፍሬን እምቢ ያለውን የጫት መኪና አይቻለሁ። ገደሉ ላይ የተበተነው ጫት ገና አልጠወለገም ነበር። ሂርና ሲወረድ ደግሞ እንደዚያ ያለው መታጠፊያ አንድ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ አባቴ መኪናዋን በሠፈራችን ደልዳላ መንገድ ላይ ነድቶ ደጋግሞ ፈተናት። በረገጠ ቁጥር ቀጥ ትላለች። እናቴ የሠርግ ቀሚሷን ስትተኩስ ተጠግቼ «እማዬ፣ በሚኒባስ ብትሄጂስ?» አልኳት።

«አባትሽን በሰው ፊት ላሳፍረው?» አለችኝ ካውያውን ሳታነሳ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

እሁድ ጠዋት ሦስታችን ፊት ተሳፈርን፤ እናቴ መሀል፣ እኔ በር ጋ። ቤታችን ያለበት መንገድ ቁልቁል ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ባጃጆችና የጭነት መኪኖች ተከታትለው ያልፉ ስለነበር አባቴ ቆሞ ጠበቀ። ሙሉ ዕድሜውን በኃይል ረግጦ ያቆመ ሰው፣ እናቴ እንዳትወረወር ብሎ ይሆናል፣ ያን ዕለት እግሩን ለስለስ አድርጎ ነበር የያዘው።

በመስኮቱ መንገድ ዳር ያለ የሱቅ ምሰሶ እያየሁ ነበር። ምሰሶው ወደ ኋላ ሄደ።

«አባዬ፣ እየሄድን ነው።»

«ቆመናል እኮ።»

አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከፊታችን አለፈ፤ ነፋሱ ፊቴን መታኝ። የመኪናችን አፍንጫ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ነበር። እናቴ «ኢየሱስ!» ብላ ክንዴን ጨመደደችው። አባቴ በኃይል ረገጠ፤ ቆምን። ከዚያ እግሩን ሳያነሳ ረገብ አደረገው፤ ወደ ታች እያየ ጠበቀ። እኔም ጉልበቱ ቀስ እያለ ወደ ፊት ሲዘረጋ አየሁ። መኪናዋ እንደገና ተንፏቀቀች።

የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ ሞተሩን አጠፋ። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጌ እስክመለስ ድረስ መሪውን አልለቀቀም። አባቴ ሲፈራ ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ ከመኪናዋ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

«በዚች መኪና ሂርና ልንወርድ ነበር እኮ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

እናቴ ከጎረቤታችን ጋር በሚኒባስ ሄደች። እኛ መኪናዋን ወደ ግቢ አስገፍተን ቀረን። አባቴ የሠርግ ልብሱን ቀይሮ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን የፍሬን ማስተር ፈታው። ከውስጡ ያወጣት የጎማ ቀለበት ጠርዟ ተበልቷል። በኃይል ሲረግጡት ተለጥጣ ትዘጋለች፤ ለስለስ ሲሉ ግን ዘይቱ በጎኗ ወደ ኋላ ያልፋል፤ ወደ ውጭ ስለማይፈስ አይታይም። መዳፌ ላይ አኖራት።

አዲሷ ከድሬዳዋ ስትመጣ ገጠማት፤ አየሩን እንደገና አወጣን። በመጨረሻ እሱ አልረገጠም። መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ «ነይ» አለኝ። «እንደዚያን ቀን፣ ቀስ ብለሽ።»

እግሬን አሳረፍኩት። ሁለታችንም ጫማዬን አየን። ፔዳሉ አልወረደም። ጭኔ እስኪዝል ያዝኩት፤ አሁንም አልወረደም።

«በቃ፣ ልቀቂው» አለ።

«ትንሽ ልቆይ፣ አባዬ።»

ዞሮ ሌላውን በር ከፍቶ አጠገቤ ተቀመጠና ጠበቀኝ።