አልማዝ ባለጭራ የወጣብኝ ጊዜ

እትዬ ከእስር ተፈታች! ዛሬ ጠዋት እናቴ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ከላምበረት እየሮጠች መጥታ፣ "ያቺ ድሬሰርሽ ቤቷ ገብታለች፤ በዓይኔ አየኋት!" አለችኝ። ጮህኩ። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ። እስከ ዛሬ አብረን ስለታሰርንበት ክፍል አንድ መስመር ጽፌ ሦስት መስመር እሰርዝ ነበር። ዛሬ ግን እጄ እሺ ብሎኛል።

የታሰርኩት በወንድሜ ምትክ ነው። እሱ ሲጠፋ፣ "የት እንዳለ ስታስታውሺ ትወጫለሽ" ተባልኩ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ያስገቡኝ የካ ውስጥ፣ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶው ገና የመኪና ዘይት ይሸታል። ከኔ ጋር አሥራ አንድ ሴቶች ሆንን። በብረት በሩ ስንጥቅ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ተራ ገብተን እናየው ነበር።

እትዬ ከመታሰሯ በፊት ድሬሰር ሆና ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ስታጥብ፣ መርፌ ስትወጋ የኖረች ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን መቀመጫ አጥቼ ስገተር ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ፣ "ነይ፣ ኢንተላ ኮ" አለችኝ። በኦሮምኛ "ልጄ" ማለቷ ነው።

አንድ ቀን ማጅራት ገትር ገብቷል ተባለና ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች መጥተው ሁላችንንም ከተቡን። ክንዴ ቀላ፣ አበጠ፣ ትንሽ አተኮሰኝ። "እሱ ደግ ነው፤ መድኃኒቱ ሥራ ጀመረ" አለች እትዬ። በሳምንቱ ግን ግራ ጎኔን ይለበልበኝ ጀመር። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከጀርባዬ ተነስቶ እንደ መቀነት እስከ ሆዴ ዞረ።

እትዬ ገልጣ አየችና፣ "አልማዝ ባለጭራ" አለች። "ልጅ ሆነሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ያው እሱ ነው። ሄደ ስትይ ሰውነትሽ ውስጥ ተኝቶ ነበር። መርፌው ይሁን ይሄ ብርድና ሐሳብ፣ አንዱ ቀሰቀሰው።"

"ልሞት ነው?"

"ከዚህስ ትድኛለሽ። ብቻ እንዳታኪው።"

ከጥግ አንዷ፣ "እኛ የጆሯችንን ጌጥ ተቀምተን እሷ አልማዝ ታጠቀች!" ብላ ሁሉንም አሳቀች። እኔም ጎኔን ይዤ ሳቅሁ።

ወሬው ግን ከበሩ ውጭ ሲደርስ ፈንጣጣ ሆነ። ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት አብዮት ጥበቃ በሩን ከፍቶ ራቅ ብሎ ቆመና፣ "የታመመችው ትውጣ። ሰርቪስ ቤት ብቻዋን ትሆናለች" አለ።

ጓሮ ወዳለው ሰርቪስ ቤት እኔ ከመግባቴ በፊት ከኛ ክፍል ሁለት ሴቶች ተወስደው ነበር። አልተመለሱም።

እትዬ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። "ፈንጣጣ አይደለም። ጉድፍ ወጥቶበት ለሚያውቅ ሰው አይጋባም።" ወደ እኛ ዞረች። "ወጥቶባት የማያውቅ አለች?" ማንም የለም። "አንተስ?"

"እኔ እንጃ።"

"ግንባርህ ላይ ምልክቱ አለ እኮ።"

ሳያውቀው እጁን ወደ ግንባሩ ላከ። "እናቴ እንዳላክ ብላ እጄን በጨርቅ አስራው ነበር" አለ። ድምፁ የልጅ ነበር።

"አየህ፣ አስራህም አከክህ።"

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ፊቱን አኮማተረ። በሩን ዘጋው። ግቢው ውስጥ ሲጮህ ሰማን፦ "ፈንጣጣ አይደለም! ምች ነው፤ ዝም ብሎ ምች!"

ሰርቪስ ቤት ሳልገባ ቀረሁ።

እትዬ የነጠላዋን ጫፍ ቀደደችና በመጠጥ ውሃዋ ነከረችው። ጎኔ እንዲታጠብ ልብሴን ማውለቅ ነበረብኝ፤ በበሩ ስንጥቅ ደግሞ ከውጭ ያያሉ። አፍሬ ሸሚዜን ጨብጬ ቀረሁ። የቀሩት ዘጠኝ ሴቶች ተነሱና ነጠላቸውን ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ለኔ ሰጥተው ዙሪያዬን ቆሙ። ታጥቤ እስክሸፈን አንዷም አልዞረችም። ቅርፊቱ እስኪረግፍ ድረስ በየቀኑ እንዲሁ ቆሙልኝ።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ፤ እሷ ቀረች። ብርድ ሲሆን አሁንም ጎኔን ጠቅ ያደርገኛል። ድሮ እፈራው ነበር። አሁን ሲጠቀጥቀኝ እነዚያ የተዘረጉ ነጠላዎች ትዝ ይሉኛል።

ሰው ከእስር ሲፈታ ጎረቤት ከሩቅ ነው ሰላም የሚለው። እኔንም እንዲያ ብለውኛል፤ አውቀዋለሁ። ይህን ደብተር እጅ ለእጅ እየተቀባበላችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ እሑድ ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ መልስ ወደ እትዬ ቤት እወርዳለሁ። አብራችሁኝ ኑ። በር ላይ ቆማችሁ "እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ" ብላችሁ እንዳትመለሱ። ግቡና አጠገቧ ተቀመጡ።