ቁልቁለቱ ላይ የሚቆሙት ጋሽ ዱባለ

ሰሚት ያለው ቤተ ክርስቲያናችን የተሠራው ቁልቁለት ላይ ነው። መሬቱን ያገኘነው ከስንት ጸሎት በኋላ ስለሆነ ማንም አፉን ሞልቶ አላማረረም፤ እሁድ ጠዋት ስልሳ መኪና ሲመጣ ግን ጉዱ ይታያል። ከላይ ዋናው በር፣ ከታች የሕፃናት ክፍል፣ በመካከላቸው የሚያዳልጥ ኮብልስቶን። ጋሽ ዱባለ የሚቆሙት እዚያ ኮብልስቶን ላይ ነው።

ጋሽ ዱባለ የሆሳዕና ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ ደሴ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። መኪና ማስቆም ለእሳቸው አገልግሎት ነው፤ ከዝማሬው አይተናነስም። ገና ቦታ ስትይዙ መስኮቱ ጋ ይደርሳሉ።

“እግርሽን ፍሬኑ ላይ አጥብቂ። ኒውትራል አድርጊ። አሁን የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፤ ኧረ እስከ መጨረሻው ሳቢው! አሁን እግርሽን ቀስ እያልሽ አንሺ፣ መኪናው በእጅ ፍሬኑ ይደላደል። እሺ፣ አሁን ማርሹን ፒ ላይ አስገቢ። መሪውን ወደ ጠርዙ ጠምዝዢ።”

“ፒ ብቻ አይበቃም?” ያለ ሰው ወዮለት። “ልጄ፣ ያኔ የመኪናው ክብደት በሙሉ አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ላይ ይንጠለጠላል። አንቺስ ብትሆኚ በአንድ ጥርስ ትንጠለጠያለሽ?” ይላሉ። ከኋላ ስድስት መኪና ጥሩምባውን ቢያንባርቅ ደንታ የላቸውም። አንድ እሁድ አንድ የተከበረ ዶክተር ከአዳራሽ አስጠርተው የእጅ ፍሬን አስይዘውታል።

እኔ ማራናታ ደግሞ ችኩል ነኝ። ቦሌ፣ አትላስ ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እዚያ መኪና የሚያስቆመው ቢሩክ ሃያ መኪና በሚይዝ ግቢ ሠላሳ አምስት ያስገባል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ኒውትራል አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን አትያዙ፣ ሂዱ። መውጣት የፈለገ ሲመጣ ቢሩክ ከፊቱ የቆመችውን ገፋ ያደርጋታል፣ አለቀ። ቦሌ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ለምዷል። ሦስት እሁድ ተከታትሎ መዝሙር ካመለጠኝ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ እዝራ ዘንድ ገብቼ አማረርኩ። ቢሩክንም እኔው አመጣላችኋለሁ አልኩ።

አቶ እዝራ ሰው ማስከፋት አይሆንላቸውም። ጋሽ ዱባለን “በቃ፣ እንግዲህ ፀሐይ ላይ አይቁሙ” ብለው ባጅ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉና አዳራሹ በር ላይ አስተናጋጅ አደረጓቸው። በክብር ተነሡ ማለት ነው። እሳቸውም “እሺ” አሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ እንቁ ግን ገበያ አግኝተውኝ፣ “ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጡረታ ሲወጣ እንኳ እንዲህ አልሆነም። ያችን ቦታ ከወሰዱበት ምን ቀረው?” አሉኝ። ማን እንዳስነሣቸው አላወቁም። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሽንኩርት መምረጤን ቀጠልኩ።

በተከታዩ እሁድ ቢሩክ መኪኖቹን ልክ እንደ አትላስ ደረደራቸው። እኔም ሜዳ የሚመስል ቦታ አገኘሁና ቪትዝ መኪናዬን በኒውትራል፣ ያለ እጅ ፍሬን ትቼ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ከመዝሙሩ ቀድሜ ገባሁ። ደስ አለኝ። ጋሽ ዱባለ በሩ አጠገብ ቆመው ፊታቸው ወደ መድረኩ ነበር፤ ጆሯቸው ግን ውጭ ነው።

ስብከቱ መሃል ላይ ከውጭ “ያዛት! ያዛት!” የሚል ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ዱባለ ከሁሉም ቀድመው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ሰባኪው ከበር የመጣላቸውን ብጣሽ ወረቀት አነበቡ። የእኔ ሰሌዳ ቁጥር ነበር።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አንድ ሰው ቀድሞ ለመሄድ ፈልጎ ቢሩክ ቪትዜን ገፍቷታል። እሱ የገፋት አንድ እርምጃ ነው፤ የቀረውን ራሷ ሄደችው። ለግንባታ የመጣ የአሸዋ ክምር ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆማለች። ከአሸዋው ጀርባ የሕፃናት ክፍል በር ነው። በሩ ዝግ ነበር፤ ልጆቹ ገና እየዘመሩ ነው። ሩብ ሰዓት ቢያልፍ ግን እየተሯሯጡ ይወጡ ነበር።

“ማራናታ፣ ማርያምን፣ ትንሽ ነው የነካኋት!” ይላል ቢሩክ ላቡን እየጠረገ። እውነቱን ነው። የእሱ ጥፋት አልነበረም።

ጋሽ ዱባለ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብተዋል። ለአስተናጋጅነቱ የለበሱት አዲስ ኮት አሸዋ በአሸዋ ሆኗል። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ “ግቢ ልጄ፤ መጀመሪያ የእግር ፍሬን” ብቻ አሉኝ። ገብቼ ረገጥኩ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩና እግሬን ቀስ ብዬ አነሣሁ። መኪናዋ ነቅነቅ ብላ ተደላደለች።

አቶ እዝራም ወጥተው ደረሱ። እዚያው መኪናው ውስጥ እንዳለሁ፣ “ጋሽ ዱባለ፣ ከዚህ ያስነሣሁዎት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

“አውቃለሁ” አሉ። “አቶ እዝራ ሲያነጋግሩኝ አሥር ጊዜ አትላስ አትላስ ይሉ ነበር። ካንቺ ሌላ አትላስ የሚሠራ ማን አለን? ደግሞ ለአትላስ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እዚያ ሜዳ ነው።”

አቶ እዝራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እኛ እኮ ውስጥ ሆነው ተረጋግተው ቃሉን እንዲሰሙ ብለን ነበር” አሉ።

ጋሽ ዱባለ ባጁን ከአንገታቸው አውልቀው መለሱላቸው። “ውስጥ ሆኜ አንድ ቃል አልሰማሁም አቶ እዝራ። ልቤ ጎማው ሥር ነበር። እዚህ ስሆን ግን መኪናው ሁሉ ፍሬኑን ይዞ ከቆመ በኋላ፣ በድምፅ ማጉያው አንዲት ቃል አታመልጠኝም። የዛሬ ወር የተሰበከውን ልንገርዎት?”

ከነጥቅሱ አንድ በአንድ ነገሩን። የሰበኩት አቶ እዝራ ራሳቸው ነበሩ። ሦስተኛውን ነጥብ ረስተውት ኖሮ፣ ከጋሽ ዱባለ አፍ ሲሰሙት እንደ አዲስ “አሜን” አሉ።