ኢብሮ ያጠፋው ጫጫታ

ኢብሮ ከሮቢት ራስጌ ጉብታ ላይ የተተከለውን የሬዲዮ ማቀበያ ሲጠብቅ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጠባቂ ብትሉት ግን ይቆጣል፤ ቴክኒሻን ነኝ ባይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቆቦ ገበያ ዳር ቴፕ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲንጎራደድ ማየት ነበረባችሁ። ሰላምታው ራሱ ተቀየረ እኮ!

ማቀበያው የመጣው በቆላው ችግር ነው። እዚያ ስልክ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ የሮቢት ጤና ኬላ ሠራተኛ ሱዓድ በእጅ ሬዲዮ ትናገራለች፤ ጉብታው ላይ ያለው ሳጥን ድምጿን ተቀብሎ ቆቦ ላለው ሐኪም ያደርሳል። መብራት የለም፤ ሳጥኑ የሚኖረው ከፀሐይ በሚለቅማት ኃይል ብቻ ነው። የበሽተኛ ጉዳይ ማንም ጆሮ እንዳይገባ ደግሞ ሌላ ሳጥን አጠገቡ አለ፤ ሱዓድ ስትናገር እሱ ጫጫታ ይረጫል። ከጫጫታው ውስጥ ቃሉን ለይቶ ማውጣት የሚችለው የሐኪሙ መሣሪያ ነው። ሌላው ሰው ሬዲዮ ቢከፍት ሽሽሽ የሚል ድምፅ እንጂ ሌላ አይሰማም። ሳጥኖቹን ከዩኒቨርሲቲ መጥተው የተከሉት መምህራን ኢብሮን ደጋግመው ያስጠነቀቁት አንድ ነገር ነበር፦ ኃይል ካነሰ ሁለቱንም አጥፋ፤ ጫጫታው ሳይኖር ድምፅ አታሳልፍ።

ነሐሴ ላይ ደመናው ለሳምንት አልገለጥ አለ። ማቀበያው ከቀትር በኋላ ድክም ይላል። ሰዉም ኢብሮን ባገኘው ቁጥር፣ ሬዲዮህ ዛሬም ሞተች ወይ እያለ ይቀልድበት ጀመር። እሱ ደግሞ ቀልድ አይችልም። ኃይሉን የሚጨርሰው ጫጫታ የሚረጨው ሳጥን መሆኑን ያውቃልና አንድ ማለዳ ወጥቶ እሱን ብቻ አጠፋው። ማቀበያው እስከ መግሪብ ሠራ፤ ኢብሮም ደረቱን ነፍቶ ወረደ። አቤት ድፍረት!

በሦስተኛው ቀን ሱዓድ የኡሙሰልማን ስም ጠርታ፣ ቲቢ እንደተገኘባት ለሐኪሙ ነገረች። ኡሙሰልማ ወተትና እርጎ ሸጣ አራት ልጆች የምታሳድግ የሮቢት ሴት ናት። ረዲ የሚባል ሾፌር ዋጃ ገበያ በገዛው የእጅ ሬዲዮ ነገሩን ቃል በቃል ሰማው፤ ረዲ ደግሞ የሰማውን የሚያሳድር ሰው አይደለም። ያለፈቃድ ሬዲዮ መያዝ እንደሚያሳስር ስለሚያውቅ ግን፣ ከየት ሰማህ ሲሉት ከጤና ኬላ ወጣ ብሎ አለፈው። ሳምንት ሳይሞላ የኡሙሰልማ እርጎ ገዢ አጣ።

እሷም ብልህ ናት። የመታኝ ብርድ ነው፣ ሱዓድ ስሜን አጠፋች ብላ ድርቅ አለች። ያመናት ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ተመልሶ መግዛት ጀምሮ ነበር። ሱዓድ ግን ምን ትበል? የበሽተኛ ምስጢር ነውና እውነት ነው አትል፣ ሐሰት ነው አትል። እናቶች ልጆቻቸውን ማስከተብ ተዉ። ቤታቸው ስትሄድ በር ዘጉባት።

አንድ ቀን ኢብሮን ምሳ ጠርታ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ነገሩ በሬዲዮው ወጥቶ ይሆን እንዴ?»

የጎረሰውን በግድ ዋጠና «አይቻልም» አላት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ኢብሮ ራሱን ጠላው። ደመናው ተገልጦ ጫጫታውን መልሶ ከፍቶት ነበር፤ ምን ዋጋ አለው? መታወቂያውን ኪሱ ከተተ። መስጂድ ሲገባ ጥግ ይይዛል። በሱዓድ ደጅ ላለማለፍ በማሽላው ማሳ ዞሮ መሄድ ጀመረ። በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ልጅ ፈርቼ እሸሻለሁ እያለ ያፍራል፤ ደግሞም ይሸሻል።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሁለቱን ሴቶች ሰው ፊት አቀረቡ። ሱዓድ ቃሉ ከአፏ ካልወጣ ትማል ተባለ። ልጅቷ ተነሣች። ምን ብላ ትማል? ለሐኪሙ ተናግራለቻ! ይህን ጊዜ ኢብሮ ሳያስበው ብድግ ብሎ ቆመ።

«አታስምሏት» አለ። «እሷ የነገረችው ለሐኪሙ ብቻ ነው። ጫጫታውን አጥፍቼ ለሰው ያሰማሁት እኔ ነኝ። ጠይቃኝም ዋሸኋት።»

ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረ። ሱዓድ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ መረቋት፤ ቅድም ያኮረፏት እናቶች ተነሥተው አቀፏት። ኢብሮን ከነውርደቱ ቀለል አለው። እፎይ ሊል ሲል ዓይኑ ኡሙሰልማ ላይ አረፈ። አጠገቧ የነበረችው ሴት መቀመጫዋን ራቅ አድርጋ ነበር።

«ኢብሮ» አለችው ኡሙሰልማ ቀስ ብላ፣ «እስከ ዛሬ እኮ መታመሜን የማያምን ሰው ነበር።»

ተነሥታ ስትወጣ ሰዉ ግራና ቀኝ እየሸሸ መንገድ ለቀቀላት። በኢብሮ አጠገብ ስታልፍ እሱም ሳያውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።