የጠረግሁት ሬንጅ

አሰብ ውስጥ ጋራዥ ስሠራ አንድ ደንብ ነበረኝ፤ ሥራዬን ሳልጠርግ አላስረክብም። ከአዲስ አበባ የመጣ ከባድ መኪና ሞተሩ ተፈትቶ ሲገጠም፣ መጨረሻ ላይ ቤንዚን የነካ ጨርቅ ይዤ ብሎኑን አንድ በአንድ አሻለሁ። ሾፌሮቹ «ጋሼ፣ መኪና ነው ወይስ ሙሽራ የሚያስረክቡን?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ግን እድፍ ያለበት ሥራ ነውር ነው ብለው ስላሳደጉኝ ሌላ አላውቅም። ቀለም የቆጠርኩትም እስከ አራተኛ ክፍል ነው።

ይህ ደንቤ አንድ ጊዜ የሰው ዕድል ሊያበላሽብኝ ነበር።

ሰውየው ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ነው፤ ከደጋ የመጣ የፊዚክስ መምህር። በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን፣ ጋራዥ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጡ ተቆጣጣሪ አሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሳስተምር ያዩኛል። ከወደዱት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ካልወደዱት ሌላ ጊዜ አይፈቀድልኝም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?»

«የማይታይ ነገር ይሥሩልኝ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጎማ ላይ ተቀመጠና ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በአተም መካከል ፕሮቶን የሚባሉ አሉ፤ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። በዚህ ቢሆንማ መበታተን ነበረባቸው። ግን እጅግ ሲቀራረቡ ብቻ የሚይዛቸው ሌላ ኃይል አለ፤ ትንሽ ከራቁ እንደሌለ ነው።

«ማን አየው?» አልኩት።

«ማንም። ሊቃውንቱ ‹እንዲህ ይመስላል› ብለው በሐሳብ ሞዴል ይሠሩለታል። ከዚያ ይፈትኑታል። ካልመሰለ ይጥሉታል፤ ከመሰለም እስከ የት እንደሚመስል ይናገራሉ።»

ከተበላሹ ራዲዮኖች ድምፅ ማጉያ መሀላቸው ቀዳዳ የሆነ ሁለት ክብ ማግኔቶች ፈታሁ። የሚገፋፋውን ፊታቸውን አተያይቼ በነሐስ ዘንግ ላይ ሰካኋቸው። አንዱን ሲያስጠጉት ሌላው ይሸሻል። መምህሩ ደስ ብሎት ቅዳሜ ወሰደው፤ እሑድ ደግሞ የዘንጉ መቆሚያ እግር ይወዛወዛል ብሎ መልሶ አመጣልኝ። እግሩን አጠበቅሁ። ሳየው ማግኔቶቹ ፊት ላይ ጥቁር ነገር ተለድፏል። ምን ይጠየቃል? ጨርቄን ቤንዚን ነክሬ ንጹሕ እስኪሆን ፈተግሁት።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዕቃውን ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። አስፋልቱን ስሻገር በፀሐይ የቀለጠው ሬንጅ ጫማዬን ይዞ ሊያስቀረኝ ነበር። መምህሩ «ድንገት ቢላላ አይራቁብኝ» ስላለኝ ክፍሉ በር አጠገብ ቆምኩ። ተቆጣጣሪው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ ሰዓታቸውን ቶሎ ቶሎ ያያሉ።

መምህሩ ጥሩ አድርጎ ጀመረ። መገፋፋቱን አሳየ። «አሁን ደግሞ እዩ፤ እስኪነካኩ ካስጠጋኋቸው ይያያዛሉ» አለና ጫን አድርጎ እጁን ለቀቀ።

ቷ! ተለያዩ።

ደግሞ ጫነ። ቷ!

«እምቢ አሉ መምህር!» አለ አንዱ ተማሪ፤ ክፍሉ ሳቀ። ተቆጣጣሪው የእስክሪብቷቸውን ክዳን ገጠሙ። መምህሩ የማግኔቱን ፊት በጣቱ ዳሰሰ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ ሬንጁስ?»

«ጠረግሁት» አልኩ።

ሳቁ ሲፈነዳ ወደ ተቆጣጣሪው ዞርኩ። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ እንዲያያዝለት ለድፎበት ነበር፤ እኔ እድፍ መስሎኝ ነው።»

«አውሮፕላን ይጠብቀኛል» አሉ።

ሬንጅ ከየት ላምጣ? ያን ጊዜ ጫማዬ ትዝ አለኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አወለቅሁትና ከኪሴ ካቻቢቴ አውጥቼ ሶሉን እፍቅ ጀመር። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት በአንድ እግር ካልሲ! የፋቅሁትን አድበልብዬ ሰጠሁት። መምህሩ ለደፈው፣ ጫነ፣ ያዘ፤ እጁን ለቀቀ።

ተያያዙ።

እኔ ግን ከጎን ስለነበርኩ ሬንጁ በሙቀቱ ሲላላ አየሁት፤ እንደ ማር ክር ተሳበ፣ ቀጠነ። ቷ!

«ይኼ ትምህርት ነው ወይስ ስህተት?» አሉ ተቆጣጣሪው።

ከባድ አተሞች አንዳንዴ በራሳቸው ይፈርሳሉ ይባላል፤ ያንን ማሳየቴ ነው ብሎ ማምለጥ ይችል እንደነበር መምህሩ በኋላ ነግሮኛል። እሱ ግን ላቡን ጠረገና፣ «የሬንጁ ስህተት ነው ጌታዬ። እውነተኛው ኃይል በአሰብ ሙቀት አይላላም። ሞዴሌ ሲቀራረቡ መያያዛቸውን ያሳያል፤ አሁን የተለያዩበትን ምክንያት ግን ከአተሙ እንዳታገናኙት። እዚህ ላይ ማመሳሰሉ ያበቃል» አለ።

ተቆጣጣሪው ክዳኑን ነቅለው ረጅም ነገር ጻፉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው አንድ እግራቸውን አነሡ፤ ሬንጅ የያዘውን ሶላቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሄዱ።

ሁለት ወር ያህል ጎረቤቴን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳው ተደበደበ። «ጋሼ! ገባሁ!»

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘሁት። ዕቃውን ለኔ ትቶልኝ ሄደ፤ ሬንጁን አልነካሁበትም።

ከዚያ ወዲህ ጨርቄን ከማንሳቴ በፊት ባለቤቱን እጠይቃለሁ፦ «ይኼ እድፍ ነው ወይስ ሥራ አለው?» ሾፌሮቹ ምን ይላሉ? «ጋሼ ደግሞ ለእድፍ ፈቃድ መጠየቅ ጀመሩ!»